ስልኩ ፓዱ ላይ አድሮ ለምን አልሞላም? ያለ ገመድ ቻርጅ ማድረጊያ መመሪያ፣ ደረጃ በደረጃ

«ስልኬን ፓዱ ላይ አሳድሬው ጠዋት ሳነሳው 40 ፐርሰንት ነው። ፓዱ ተበላሽቶ ይሆን?»

ይኼ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ፓድ የምንለው ስልኩ ሲቀመጥበት ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርገውን ጠፍጣፋ መሣሪያ ነው። አንዱ «ስልኬ እጅ ያቃጥላል» ይለኛል። ሌላዋ «መብራቱ ብልጭ ድርግም ይልና ዝም ይላል» ትለኛለች። እስካሁን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ሁሉንም አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም። ችግሩ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የስልኩ አቀማመጥ፣ በመሃል የገባ ነገር፣ ወይም ሶኬቱ ላይ የተሰካው አዳፕተር። ሦስቱንም ራሳችሁ ቤት ውስጥ መርምራችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ፓዱና ስልኩ ምን ይነጋገራሉ?

ደረጃዎቹ ትርጉም እንዲሰጧችሁ አሠራሩን መጀመሪያ ልንገራችሁ።

ፓዱ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ዙሪያውን የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ኮይል ይባላል። ስልካችሁ ጀርባ ሥርም ተመሳሳይ፣ ግን በጣም ስስ የሆነ ኮይል አለ።

አዳፕተሩ የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ዝቅ አድርጎ ለፓዱ ይሰጠዋል። ፓዱ ደግሞ ያንን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ አቅጣጫውን እያገላበጠ በኮይሉ ውስጥ ያሳልፈዋል። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ በዙሪያው የማግኔት መስክ ይፈጠራል። ኤሌክትሪኩ ሲገላበጥ መስኩም አብሮ ይገላበጣል። ይህ የሚገላበጥ መስክ የስልኩን ኮይል ሲያገኘው እዚያም ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሳል። ስልኩ ያንን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኤሌክትሪክ ይለውጠውና ባትሪውን ይሞላል።

ፓዱ ግን ዝም ብሎ ኃይል አይረጭም። ባዶውን ሲቀመጥ በየጊዜው አጭር ምት እየላከ «ማን አለ?» ብሎ ያንኳኳል። ስልክ ሲቀመጥበት ስልኩ በዚያች ትንሽ ምት ነቅቶ «አለሁ፤ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ምን ያህል ዋት እንደሚፈልግም ይናገራል። ከዚያ በኋላ ባትሪው እስኪሞላ ድረስ «ጨምር»፣ «ቀንስ»፣ «በቃኝ» እያለ የሚያዘው ስልኩ ነው። ፓዱ ይታዘዛል።

መልእክቱ የሚሄደው በዚያው በማግኔት መስኩ በኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ኮይሎች ከተራራቁ ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ንግግሩም ይቋረጣል። ንግግሩ ሲቋረጥ ፓዱ ኃይል መስጠቱን ያቆማል። ጠዋት 40 ፐርሰንት የሚያስገኘው ብዙውን ጊዜ ይኼ ነው።

ይህ ንግግር የሚካሄድበት የጋራ ደረጃ «ቺ» ይባላል፤ ዕቃው ላይ Qi ተብሎ ይጻፋል። የተለያየ ኩባንያ ስልክና ፓድ እርስ በርስ የሚግባቡት በእሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለ ገመድ ቻርጅ የሚቀበል ስልክ
- የ«ቺ» ምልክት ያለበት ፓድ ወይም የሚያቆም ስታንድ
- አዳፕተር (ሶኬት ላይ የሚሰካው ራሱ)፣ 20 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል
- ከፓዱ ጋር የመጣው ገመድ
- ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ
- ትንሽ ቁራጭ ፕላስተር ወይም ወረቀት ላይ የሚለጠፍ ስኮች
- ሰዓት መቆጣጠሪያ (ስልኩ ራሱ ይበቃል) እና ማስታወሻ መጻፊያ

ፕላስተሩ ለምን እንደሆነ 4ኛው ደረጃ ላይ ይገባችኋል። እሱን አትርሱ፤ ከዝርዝሩ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው።

1. ስልካችሁ ኮይል እንዳለው አረጋግጡ

ጀርባው መስታወት ስለሆነ ብቻ ኮይል አለው ማለት አይደለም። ጀርባቸው የሚያብረቀርቅ፣ ውስጣቸው ግን ኮይል የሌላቸው ስልኮች ሞልተዋል።

አይፎን ከሆነ ከአይፎን 8 ጀምሮ ያሉት ይቀበላሉ። ሳምሰንግ ላይ የጋላክሲ ኤስ መስመር ከኤስ 6 ጀምሮ ይቀበላል፤ የሚታጠፉት ዜድ ፎልድና ዜድ ፍሊፕም እንዲሁ። የጋላክሲ ኤ መስመር ግን በአብዛኛው አይቀበልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሌሎቹ ላይ የስልካችሁን ሙሉ የሞዴል ስም ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለው ክፍል ላይ አንብባችሁ የአምራቹን ዝርዝር ተመልከቱ። አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ሲለወጥ ነገሩ ሊለወጥ ስለሚችል ስሙን በደንብ አንብቡት።

ስልካችሁ ኮይል ከሌለው ከኋላ የሚለጠፍ ስስ መቀበያ አለ፤ ጭራው የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካል። ይሠራል፣ ግን ቀስ ያለ ነው። ቀዳዳውንም ይይዝባችኋል።

2. ለስልካችሁ የሚሆን ፓድ ምረጡ

ፓዱ ላይ «15 ዋት» ተብሎ ስለተጻፈ ስልኩ 15 ዋት ይወስዳል ማለት አይደለም። ቅድም እንዳልኳችሁ የሚጠይቀው ስልኩ ነው። ሁለቱ የሚስማሙት ሁለቱም በሚችሉት ከፍተኛው መጠን ላይ ነው።

የ«ቺ» መነሻው 5 ዋት ነው። ከፍ ያለው 15 ዋት ይደርሳል። አይፎኖች ተራ የ«ቺ» ፓድ ላይ ሲቀመጡ እስከ 7.5 ዋት ይወስዳሉ፤ 15 ዋት የሚደርሱት ማግኔት ባለው ላይ ነው። «ቺ 2» የሚባለው አዲሱ ደረጃ ማግኔት ያለው ሲሆን 15 ዋት ይሰጣል፤ ከእሱም በኋላ 25 ዋት የሚሰጥ መጥቷል።

ማግኔቱ እዚህ ላይ ኃይል አያስተላልፍም። ሥራው ስልኩን ስቦ ኮይሉን ከኮይሉ ጋር ልክ ማገጣጠም ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ማግኔት ካለው ማግኔት ያለውን ፓድ ምረጡ። ብዙዎቹ ከአይፎን 12 ወዲህ የወጡ አይፎኖች አላቸው። ስልኩ ውስጥ ማግኔት ከሌለም ማግኔት ያለው ከቨር ማልበስ ይቻላል። አብዛኛው የዚህ ጽሑፍ ችግር በዚያው ይቃለላል።

ማግኔት ከሌለ ደግሞ ከጠፍጣፋው ይልቅ ስታንዱን እመክራለሁ። ስልኩ ታች የሚያርፍበት ከንፈር ስላለው ከፍታው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። የሚቀረው ግራና ቀኙን ማስተካከል ብቻ ነው።

የ«ቺ» ማረጋገጫ የሌለው ፓድ አትግዙ። ምክንያቱን ማስጠንቀቂያው ጋ እነግራችኋለሁ።

3. አዳፕተሩን አንብቡ

ይኼን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ፓድ ይገዛና መሳቢያ ውስጥ ያገኘውን የድሮ አዳፕተር ይሰካበታል። ከዚያ «ፓዱ ደካማ ነው» ይላል።

አዳፕተሩን ገልብጡትና በትንንሹ የተጻፈውን ፈልጉ። «አውትፑት» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው የሚያስፈልጋችሁ። ቮልቱን በአምፔሩ አባዙት፤ ዋቱን ታገኛላችሁ።

- 5 ቮልት በ1 አምፔር 5 ዋት ነው። ለፓድ አይበቃም።
- 5 ቮልት በ2 አምፔር 10 ዋት ነው። ቀስ ላለ ቻርጅ ይሆናል።
- 9 ቮልት በ2.22 አምፔር 20 ዋት ነው። 15 ዋት ለሚሰጥ ፓድ የሚያስፈልገው ይኼ ነው።

ለ15 ዋት ፓድ 20 ዋት ለምን? ምክንያቱም ኃይሉ በመንገድ ላይ ይባክናል። ፓዱ ሲያገላብጠው፣ በኮይሎቹ መካከል ሲሻገር፣ ስልኩ ሲመልሰው፣ በየደረጃው ጥቂት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሶኬት ላይ ከፍ ያለ ካልገባ ስልኩ ጋ የሚፈለገው አይደርስም።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። አንዳንድ አዳፕተሮች ላይ 65 ዋት ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ያ ቁጥር ግን የሚሠራው ከራሱ ኩባንያ ስልክና ገመድ ጋር ብቻ ሊሆን ይችላል። ለሌላ ዕቃ ሲሆን ወደ 5 ቮልት ይወርዳል። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ 9 ቮልት መኖሩን፣ እንዲሁም «ፓወር ዴሊቨሪ» የሚለውን የፈጣን ቻርጅ ደረጃ መደገፉን እዩ። የፓዱ መመሪያ «ኲክ ቻርጅ» የሚለውን ከጠየቀም እሱን ፈልጉ።

ፓዱን ላፕቶፕ ላይ አትሰኩት። የድሮው የዩኤስቢ ቀዳዳ 5 ቮልት በግማሽ አምፔር ነው የሚሰጠው። 2.5 ዋት መሆኑ ነው። በዚያ ፓዱ ቢበራም ስልኩን አይሞላውም።

4. የኮይሉን ቦታ ፈልጋችሁ ምልክት አድርጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። አንድ ጊዜ በደንብ ከሠራችሁት ለዘለቄታው ያገለግላችኋል።

አብዛኞቹ ስልኮች ላይ ኮይሉ ያለው የጀርባው መሃል አካባቢ ነው፤ ካሜራው ጋ አይደለም። የሚታጠፉ ስልኮች ላይ ግን ያለው በአንደኛው ግማሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ግማሽ ሞክሩ።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ከቨሩን አውልቁ። የስልኩን ጀርባና የፓዱን ፊት በደረቁ ጨርቅ ጥረጉ።

ለ. ስልኩን ፓዱ መሃል ላይ አስቀምጡና ሁለት ሦስት ሴኮንድ ጠብቁ። ፓዱ እስኪያንኳኳ፣ ስልኩም እስኪመልስ ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው አንስታችሁ «አይሠራም» አትበሉ።

ሐ. የቻርጅ ምልክቱ ሲመጣ ስልኩን ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ ግፉት፤ በአንድ ጊዜ የጥፍር ስፋት እንኳ አትሙሉ። ምልክቱ የሚጠፋበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ። ከዚያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲሁ አድርጉ።

መ. የአራቱን ጫፎች መሃል ውሰዱ። ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው።

ሠ. የስልኩ የታችኛው ጠርዝ ያረፈበት ቦታ ላይ፣ ጠረጴዛው ወይም ፓዱ ላይ፣ ቀጭን ፕላስተር ለጥፉ። በአንደኛው ጎንም ሌላ ለጥፉ። ከዛሬ ጀምሮ ጨለማ ውስጥ እንኳ ጣታችሁ ፕላስተሩን ዳብሶ ስልኩን ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል።

ለምን ይኼን ያህል ጥንቃቄ? ምልክቱ ጫፍ ላይም ይመጣል እኮ! ግን «ቻርጅ እየሆነ ነው» ማለትና «በደንብ ቻርጅ እየሆነ ነው» ማለት ለየቅል ናቸው። ኮይሎቹ በጥቂት ሚሊሜትር ሲዛነፉ ስልኩ የሚፈልገውን ለማግኘት «ጨምር፣ ጨምር» ይላል። ፓዱም ይጨምራል። የተጨመረው ግን ብዙው የሚሄደው ወደ ሙቀት ነው። ስለዚህ የተዛነፈ ስልክ ይዘገያል፣ ይግላልም።

እኔ ራሴ ይኼን የተማርኩት ስልኬን የፓዱ ዳር ላይ አስቀምጬ በማደር ነው። ማታ ስተኛ ምልክቱ በርቶ ነበር። ሌሊት መልእክት ሲገባ ስልኩ ይርገበገባል። በተርገበገበ ቁጥር በልስላሴው ላይ ትንሽ ይንሸራተታል። ጠዋት ሳየው ከፓዱ መሃል ሁለት ጣት ርቆ፣ ጠርዙ ጠረጴዛውን ነክቶ ተኝቷል። ከዚያ ወዲህ ፓዱ ላይ ሳስቀምጠው ቫይብሬቱን አጠፋለሁ። እናንተም አጥፉት።

5. በመሃል የገባውን አስወግዱ

ኃይሉ የሚሻገረው በሚሊሜትር የሚቆጠር ርቀት ነው። ስለዚህ ከቨሩ እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረው ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ይቆራረጣል ወይም ጭራሹን እምቢ ይላል። ፕላስቲክ፣ ሲሊኮንና ስስ ቆዳ ችግር የለባቸውም። ብረት ያለበት ከቨር ግን አይሆንም።

ከቨሩን አውልቃችሁ ውስጡን እዩ። አንዲት ጓደኛዬ ለሳምንታት «ስልኬ ፓድ ላይ ሲቀመጥ ይግላል» ስትለኝ ቆየች። ስልኩን ተቀብዬ ከቨሩን ሳወልቅ ከኋላው ክብ ስስ ብረት ተለጥፎ አገኘሁ። መኪና ውስጥ ማግኔት ባለው ማቆሚያ ላይ ለማጣበቅ ያደረገችው ነው፤ ረስታዋለች። ብረቷን ስነካት ትሞቅ ነበር።

ምክንያቱ ይኼ ነው። የሚገላበጠው የማግኔት መስክ ለኮይልና ለሌላ ብረት አያዳላም። ብረቱ ውስጥም ኤሌክትሪክ ያስነሳል። ብረቱ ግን ኤሌክትሪኩን የሚልክበት ባትሪ ስለሌለው ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ ስስ ብረት፣ ከጀርባ የሚለጠፍ የጣት ቀለበት፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ሁሉም ከመሃል ይውጡ።

6. ገመዱን ሰክታችሁ በቅደም ተከተል አብሩት

መጀመሪያ አዳፕተሩን ሶኬት ላይ፣ ከዚያ ገመዱን ፓዱ ላይ ሰኩ። የፓዱ መብራት አንዴ በርቶ እስኪረጋ ጠብቁ። ስልኩን በመጨረሻ አስቀምጡ። ፓዱ ሲነሳ ከአዳፕተሩ ጋር ስንት ቮልት እንደሚቀበል ይስማማል፤ ከላዩ ምንም ሳይኖር ቢጀምር ጥሩ ነው።

7. ሴቲንጉን እዩ

ሳምሰንግ ላይ ባትሪ የሚለው ክፍል ውስጥ ፈጣን የዋየርለስ ቻርጅ ማብሪያና ማጥፊያ አለ። ጠፍቶ ከሆነ ስልኩ ቀስ ብሎ ብቻ ነው የሚወስደው። ማታ ለማሳደር ከሆነ ግን እንዲያውም አጥፉት። ጊዜ አላችሁ፣ ስልኩም ቀዝቀዝ ብሎ ያድራል።

ብዙ ስልኮች 80 ፐርሰንት ላይ የሚያቆም ወይም የመጨረሻውን ክፍል ከመነሻችሁ ሰዓት በፊት የሚሞላ አማራጭ አላቸው። «80 ላይ ቆመ» ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት እሱን እዩ።

8. በሰዓት ለኩት

ስሜት ያታልላል። ቁጥር ያዙ።

ስልኩ ከ20 እስከ 50 ፐርሰንት መካከል ሲሆን ጀምሩ። ፐርሰንቱን ጻፉ፣ ስክሪኑን አጥፉ፣ 30 ደቂቃ አትንኩት። ከዚያ ስንት እንደጨመረ ጻፉ። በሌላ ቀን በተመሳሳይ ፐርሰንት ከቨሩን አልብሳችሁ ድገሙት። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ጥፋቱ የከቨሩ ነው።

ከ80 በላይ አትለኩ። ሊቲየም ባትሪ ሊሞላ ሲል ራሱ ስለሚዘገይ በገመድም ቢሆን እንዲያ ነው።

ስንት መጠበቅ አለባችሁ? 4000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በግምት 15 ዋት ሰዓት ይይዛል። 5 ዋት እየገባለት ምንም ሳይባክን እንኳ 3 ሰዓት ይፈልጋል። ብክነቱና የመጨረሻው መዘግየት ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። 5 ዋት ፓድ ገዝታችሁ በአንድ ሰዓት እንዲሞላ ከጠበቃችሁ ፓዱ አይደለም የተሳሳተው።

9. ሙቀቱን ተቆጣጠሩ

ለብ ማለት ያለ ነው። በእጅ ለመያዝ የማይመች ከሆነ ግን ልክ አይደለም።

ሙቀት ባትሪን ያስረጃል፤ በተለይ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሲግል። ስልኩም ይኼን ስለሚያውቅ ሲግል ለፓዱ «ቀንስ» ይለዋል። አይፎን ከመጠን በላይ ሲሞቅ 80 ፐርሰንት ላይ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፈጥኖ በኋላ የሚያዘግም ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው ያስቸገረው።

ፓዱን አየር በሚያገኝበት፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርጉት። አልጋ ላይ፣ ትራስ ሥር፣ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ አይሆንም። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። ቻርጅ ላይ እያለ ጌም መጫወትና ረጅም ቪዲዮ መቅረጽም ሌላ ሙቀት ይጨምራል። ካስፈለጋችሁ በገመድ አድርጉት።

10. ስልኩ ለሌላ ዕቃ እንዲሰጥ ከፈለጋችሁ

አንዳንድ ስልኮች፣ ለምሳሌ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 10 እና ከእሱ በኋላ የመጡት የኤስ መስመር ዋና ዋና ስልኮች፣ ኮይላቸውን ገልብጠው ፓድ መሆን ይችላሉ። ሴቲንግ ውስጥ አብሩት፣ ስልኩን በፊቱ አስተኙት፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሳጥን ጀርባው ላይ አስቀምጡ። የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ነው። ለጆሮ ማዳመጫና ለሰዓት ይሆናል፤ ሌላ ስልክ ለመሙላት ግን አድካሚ ነው።

ማስጠንቀቂያ

የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ ሰውነት ውስጥ የተተከለ የሕክምና መሣሪያ ያለበት ሰው ካለ ማግኔት ያለውን ስልክና ፓድ ከደረቱ አርቁ። አፕል የሚያስቀምጠው ርቀት ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ነው፤ ያለ ገመድ ቻርጅ እየሆነ ከሆነ ደግሞ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ። ስለራሱ መሣሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ይኼን አደራ እላለሁ፤ ቸል የሚባል አይደለም።

የባንክ ካርድ፣ የሥራ መግቢያ ካርድና ፓስፖርት በስልኩና በፓዱ መካከል አይግቡ። የካርዱ ማግኔታዊ መስመርና ቺፑ ሊበላሹ ይችላሉ። ከቨራችሁ ካርድ መያዣ ኪስ ካለው ካርዱን ሳታወጡ አታስቀምጡ።

ማረጋገጫ የሌለው ፓድ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ትክክለኛው ፓድ የሰጠውንና ስልኩ «ደረሰኝ» ያለውን ያወዳድራል። ልዩነቱ ከበዛ በመሃል ብረት ገብቷል ብሎ ያቆማል። ይኼ መቆጣጠሪያ የሌለው ፓድ ግን መስጠቱን ይቀጥላል፤ ሳንቲሙም መጋሉን ይቀጥላል።

ስልኩ እርጥብ ከሆነ ጀርባውን አድርቃችሁ ብቻ አስቀምጡ። ፓዱ ራሱ ላይ ውሃ ከፈሰሰ ከሶኬት ንቀሉ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትሰኩት።

የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። በገመድም በፓድም ቻርጅ አታድርጉት። ወደ ጥገና ውሰዱት።

የተለመዱ ስህተቶች

*ገመድም ፓድም አንድ ላይ ማድረግ።* በሁለቱ አይፈጥንም። ገመድ ሲሰካ አይፎን ከፓዱ መውሰዱን ያቆማል፤ ሌሎቹም ብዙውን ጊዜ አንዱን ነው የሚመርጡት።

*መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ፓዱን መጣል።* አብዛኞቹ ፓዶች በዚህ የሚናገሩት «ብረት አየሁ» ወይም «አልተግባባንም» የሚለውን ነው። ስልኩን አንሱ፣ ከቨሩን አውልቁ፣ ፓዱን ከሶኬት ነቅላችሁ አሥር ሴኮንድ ጠብቃችሁ መልሱት። የመብራቱ ትርጉም በየፓዱ ስለሚለያይ ከፓዱ ጋር የመጣችውን ወረቀት አትጣሉ።

*ስልኩን በየደቂቃው እያነሱ ማየት።* ባነሳችሁት ቁጥር ንግግሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስታስቀምጡትም በትንሹ ይዛነፋል። ደጋግሞ የሚነሳ ስልክ ካላችሁ ያኔ ገመድ ይሻላል።

*ገመዱን በሌላ መቀየር።* አንዳንድ ቀጫጭን ገመዶች ለፓዱ የሚበቃ ኤሌክትሪክ አያሳልፉም። የፓዱ መብራት በርቶ ስልኩ ከጀመረ በኋላ ደጋግሞ የሚቋረጥ ከሆነ መጀመሪያ ከፓዱ ጋር የመጣውን ገመድ መልሱ።

*ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥ።* አዳፕተሩንም ገመዱንም ከቨሩንም በአንድ ቀን ከቀየራችሁ ጥፋተኛው የቱ እንደነበር አታውቁም። አንድ ቀይሩ፣ 30 ደቂቃ ለኩ፣ ጻፉ፣ ከዚያ ቀጣዩን።

*ስልኩ ነው ወይስ ፓዱ ሳይለዩ ወደ ጥገና መሮጥ።* እስከ 8ኛው ደረጃ ድረስ ሠርታችሁ እምቢ ካለ ያለ ገመድ ቻርጅ የሚቀበል የሌላ ሰው ስልክ ፓዳችሁ ላይ አስቀምጡ። ከሠራ ፓዱ ደህና ነው። ከዚያ የእናንተን ስልክ በሌላ ፓድ ላይ ሞክሩ። በሁለቱም ፓድ ላይ እምቢ ካለ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ሶፍትዌሩንም አድሱ። አሁንም ካልሆነ የስልኩ ኮይል ወይም ግንኙነቱ ተጎድቷል። ስልኩ ወድቆ ከነበረ ወይም ጀርባው ተቀይሮ ከነበረ ለሠራተኛው ይኼን ንገሩት፤ ጀርባው ሲከፈት የኮይሉ ማገናኛ በደንብ ሳይመለስ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።